አፈሙዝ በምን ይፈታል?

ጡረታ ስወጣ የሠፈር ሰው ወገቤ እንዴት እንዳደረ ሊጠይቀኝ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። የሚመጣው ግን ዕቃ ተሸክሞ ነው። አንዷ የማይዞር የስፌት መኪና፣ አንዱ የሚንኳኳ የውሃ ፓምፕ፣ ሌላው ቁልፉ ውስጡ የተሰበረ ሳጥን ይዞ በሬን ያንኳኳል። አልመልሳቸውም። የተዘጋ ነገር ፊቴ ሲቀመጥ ውስጡን ሳላይ እህል አይወርድልኝም። ልጅ ሆኜ የጎረቤት ሬዲዮ ፈታትቼ መልሼ መግጠም ስላቃተኝ እናቴ ይቅርታ ስትለምን የዋለችበት ቀን ነበር። እስከ ዛሬ ከዚህ በሽታ አልዳንኩም።

ባለፈው መስከረም ቶሎሳ ይዞት የመጣው ጥያቄ ግን ከሁሉም ይለያል። ቶሎሳ አቃቂ በሰቃ ውስጥ አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ነው። ዕድሜውን በፋብሪካ ቧንቧ ሲገጥም ኖሮ ከእኔ ትንሽ ቀደም ብሎ ጡረታ የወጣ፣ ሥራ ፈት መሆን የማይሆንለት ሰው። የዚያን ቀን ጠዋት ጂራቱቦውን፣ ያንን ባለ ጥርስ ትልቅ የቧንቧ መፍቻ፣ እንደ ዶማ ትከሻው ላይ አጋድሞ ገባ።

«እትዬ ዘነበች፣ የጠመንጃ አፈሙዝ ቤት ውስጥ ለመቀየር ከዚች ሌላ ምን ዕቃ ያስፈልገኛል? ይንገሩኝና ልግዛ» አለኝ።

ሳቄ መጣ። ከዚያ ደነገጥኩ። ከዚያ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ጠመንጃ ጥገና ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ሙያዬ በቅጡ የጠየቀኝ እሱ የመጀመሪያው ነበር። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ሴት ሆነሽ እንዴት እዚያ ገባሽ?» ብሎ ነው።

«መጀመሪያ እሷን መሬት አስቀምጥ፤ ከዚያ ጠመንጃው የማን እንደሆነ ንገረኝ» አልኩት።

ጠመንጃው የአባቱ ነው። አባቱ ኦቦ ገመቹ ዛሬ የመጋዘን ቆርቆሮ የተደረደረበት ሜዳ ላይ ጤፍና ሽምብራ ያርሱ የነበሩ ገበሬ ናቸው። መሬቱ ሄደ፣ በሬዎቹ ተሸጡ። የድሮው ቤታቸው ሲፈርስ ከግርግዳው አንዱ ጎን እዚያው በቀረው ጠመንጃ ላይ ወደቀና አፈሙዙን አጎበጠው። አፈሙዝ የምለው ጥይቱ የሚያልፍበትን ረጅሙን የብረት ቧንቧ ነው። አሁን ሽማግሌው ታመዋል፤ ከአልጋ በራፍ ላይ እስካለው ወንበር ድረስ ነው መንገዳቸው። ፈቃዱን በልጃቸው ስም ለማዞር ቤተሰቦቻቸው ፖሊስ ጣቢያ ቢሄዱ፣ ጠመንጃው ተጠግኖ በደንብ መተኮሱ ካልታየ አይዞርም፣ መንግሥት ይረከበዋል ተባሉ።

«ከዚያ ሁሉ መሬት የተረፈን እሱ ብቻ ነው» አለ ቶሎሳ። «አባቴ በዓይናቸው እያዩ በእጄ ካልገባ ምን ሊቀርልኝ ነው?»

እኔም መቀለዴን ተውኩ።

«በል እንግዲያው ገበያ ከመውጣትህ በፊት ጣቢያ ሂድና ፍቀዱልኝ በል። ማን ይሠራዋል ሲሉህ ስሜን ስጣቸው» አልኩት። ሄዶ ጠየቀ፤ የሥራ ማስረጃዬን አይተው ፈቀዱ። ሥራው ሲያልቅ አምጡትና እኛው ተኩሰን እናየዋለን አሉ። እነ ቶሎሳ ከሟች አጎቱ የወረሱት ተመሳሳይ ጠመንጃም ነበራቸው፤ የኋላ መቀርቀሪያው ጠፍቶ የማይሠራ፣ አፈሙዙ ግን ቀጥ ያለ። የእሱን አፈሙዝ ነቅሎ ለኦቦ ገመቹ ጠመንጃ ማድረግ ተፈቀደልን። የወረቀቱ ጣጣ ይኸው ነው።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፤ ያለዚያ ያንን ጂራቱቦ ለምን እንደፈራሁት አይገባችሁም።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በክር ፋብሪካ እንዝርት በመጠገን ነው። ጣቶቼ ቀጫጭኖች ስለነበሩ ወንዶቹ የማይደርሱበት ቦታ እየገባሁ እፈታ ነበር። አንድ ቀን ቃሊቲ አካባቢ ካለ የጥበቃ ጠመንጃዎች መጠገኛ «ጥቃቅን ብረት የሚችል ሰው» ተፈለገና እኔ ተላክሁ። በሩ ላይ የተቀበሉኝ ጋሽ ንጉሤ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አጭር ሰው ናቸው። ሴት ናት ብለው አልተገረሙም። እጄን ይዘው ጣቶቼን አገላብጠው አዩና «ጥሩ፤ እነዚህ አይቸኩሉም» አሉ።

ለሳምንታት መፍቻ አላስጨበጡኝም። አጠገባቸው አስቀምጠው የሚያደርጉትን እንዳይ ብቻ ፈቀዱልኝ። አፈሙዝ ማለት ጫፉ ላይ ጥርስ የወጣለት ብረት ነው፤ እንደ ቡሎን ተሽከርክሮ አንድ ወፍራም የብረት አካል ውስጥ ይገባል። ያንን ወፍራም አካል ጋሽ ንጉሤ «እናቲቱ» ይሏት ነበር። ጥይቱ ሲፈነዳ ጉልበቱን የምትችለው እሷ ናት። አፈሙዝ ቢበላሽ ይቀየራል፤ እናቲቱ ብትሰነጠቅ ግን ጠመንጃው አበቃለት። ስለዚህ ሥራው ሁሉ አንዱን ለመፍታት ሌላዋን አለመጉዳት ነው።

ጋሽ ንጉሤ አንድ ጠመንጃ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማን አሰረው?» ብለው ነው። ምን ሆነ አይሉም። ባለቤቱ ግራ ተጋብቶ «ኧረ እኔ ምን አውቄ!» ይላል። እሳቸው ግን አይለቁትም፤ ከማን ገዛው፣ ከዚያ በፊት ማን ዘንድ ነበር፣ የት ሀገር ኖረ፣ ቆላ ነው ደጋ፣ አንጥረኛ ነክቶታል ወይ እያሉ ያደርቁታል። ከዚያ ጆንያ ያነጥፉና ዕቃቸውን ሁሉ ይደረድራሉ። ቀጥሎ ማንሣት ይጀምራሉ። ይሄ አያስፈልግም፣ ይሄ ይጎዳዋል፣ ይሄ እጄን ያባልገዋል እያሉ አንድ በአንድ ወደ ሳጥን ይመልሳሉ። ጆንያው ላይ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው ለዚያ ሥራ የተመረጡት። እኔ ያኔ ይሄ ሁሉ የሽማግሌ ወግ ይመስለኝ ነበር።

አፈሙዙን ሞርሳ ላይ፣ ብረት ቀርቅቆ በሚይዘው መያዣ ላይ ማለቴ ነው፣ ሲያስሩ ብረት ከብረት አያገናኙም። ከወይራ እንጨት ሁለት ጉርድ ያስጠርቡና መሐሉን አፈሙዙን እንዲያቅፍ አድርገው ይቦረቡሩታል። እንዳያንሸራትት ደግሞ ደረቅ የዛፍ ሙጫ ወቅጠው ዱቄቱን ይነሰንሱበታል። ወይራ ይጨምቃል እንጂ አይቧጥጥም። ሙጫው ለምን ይይዛል ብዬ ብጠይቃቸው «አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ። ማታ ቤቴ ሄጄ ሙጫ ወቅጬ በሁለት ማንኪያ መሐል ስፈትግ እናቴ አየችኝና አበደች ብላ ደነገጠች። ሙጫው ሲታሽ ሞቆ ለስለስ ይልና ይጣበቃል ለካ! ጠዋት ሮጬ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ከልባቸው ሳቁ።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ተዛወርኩ፤ አንድ ሰፊ የእርሻ ልማት ውስጥ የጥበቃ ጠመንጃ ጠጋኝ ሆኜ። እዚያ የነበረው ኃላፊዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ ፍጥነት ይወዳል። ሰላምታው «አለቀ?» ነው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ዘበኛ የግሉን ጠመንጃ አመጣ። የእርሻው ጥበቃ የሚቀጠረው የራሱን ጠመንጃ ይዞ ነው፤ ጠመንጃ የሌለው እንጀራ የለውም። አፈሙዙ ውስጡ ተበልቶ ነበርና ቀይሩልኝ አለ።

አሰርኩት፤ ጎተትኩ፤ እምቢ አለ። ደግሜ ጎተትኩ፤ ንቅንቅ የለም። ማን እንዳሰረው ልጠይቅ አሰብኩና ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ «አለቀ?» አለኝ። ከዚያም ራሱ ረጅም የውሃ ቧንቧ አምጥቶ የመፍቻው እጀታ ላይ ሰካና «በዚህ ጎትችው፤ በዚህ የማይፈታ ነገር የለም» አለ። ጎተትኩ። ከእጄ ሥር አንድ ደረቅ ድምፅ ወጣ። ተፈታ ብዬ ደስ አለኝ። ሳይ አፈሙዙ ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ እናቲቱ ናት ከላይ እስከ ታች የተተረተረችው።

ዘበኛው ጋቢውን አንገቱ ድረስ ስቦ ጠመንጃውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ጥሎት ወጥቶ ሄደ። በማግሥቱ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ነበር። የኃላፊው ትእዛዝ ነው ብዬ ልጽናና አልቻልኩም። ከዚያ በላይ ግን ያንገበገበኝ ሌላ ነው፤ ለምን እምቢ እንዳለ አለማወቄ!

ፈቃድ ወስጄ የተሰነጠቀውን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ጋሽ ንጉሤ አልተቆጡም። ሞርሳ ላይ አስረው ሴጌቶ፣ የብረት መጋዙን ማለቴ ነው፣ ሰጡኝና «ቁረጪውና እንየው» አሉ። ጠመንጃን በቁመቱ ለሁለት መቁረጥ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ሲከፈት ሁለታችንም ጎንበስ አልን። በጥርሶቹ መሐል ጥቁር ነገር ተጋግሮ ድንጋይ ሆኗል። በመርፌ ጫርኩት። ቃጫ ነው! በቀይ ቀለም የተነከረ ቃጫ።

ጋሽ ንጉሤ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «ይሄን ያሰረው ቧንቧ ሠራተኛ ነው» አሉ።

ልክ ናቸው። ቧንቧ የሚገጥም ሰው ውሃ እንዳያፈስ ጥርሱ ላይ ቃጫ ይጠመጥማል፣ በቀለም ይለስናል፣ በጂራቱቦ ያጠብቃል። ውሃ ላይ ጥሩ ሥራ ነው። አንዱ ደግ ሰው አፈሙዝ አይቶ ያው ቧንቧ ነው ብሎ እጁ የለመደውን አደረገ። ቀለሙ ደረቀ፣ ዝገት ተጨመረበት፣ አንድ አካል ሆነ። በዘይት ነክሬ ቀናት ብጠብቅ ቀስ እያለ ይለቅ ነበር።

«ረጅሟ ቧንቧ ጉልበት ሰጠችሽ፣ ስሜት ግን ወሰደችብሽ» አሉኝ ጋሽ ንጉሤ። «አጭር እጀታ ብትይዢ ኖሮ ከመሰንጠቋ በፊት እጅሽ ይሰማት ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ተዛውሬአለሁ፤ ብዙ ኃላፊ አሳልፌአለሁ። ጋሽ ንጉሤም ይህችን ዓለም ተሰናብተዋል። እስከ መጨረሻዋ የሥራ ቀኔ ድረስ ግን በአፈሙዝ ሥራ መፍቻ ከአንድ ክንድ በላይ አስረዝሜ አላውቅም።

እንግዲህ ቶሎሳ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ቶሎሳ፣ ጂራቱቦ ተሸክሞ በሬ ላይ ሲቆም ምን እንደተሰማኝ ገመቱት። ታሪኩን ነገርኩት። አልተዋጠለትም።

«እትዬ፣ ይቺ እኮ ያልፈታችው ነገር የለም» አለ ጂራቱቦውን እየደባበሰ።

ክርክር ትቼ ከግቢው ጥግ አንድ ቁራጭ ቧንቧ አነሣሁና በጠመኔ ነጭ እስኪሆን ቀባሁት። «በል ያዝበት፤ እንደ ልማድህ» አልኩት። ያዘ፣ ጎተተ፣ ለቀቀ። ነጩ ላይ የጥርሶቹ ንክሻ ቁልጭ ብሎ ታየ። ጣቱን ሰድዶ አንድ በአንድ ዳበሰው።

«አባቴ ጠመንጃውን ሲወለውሉ ነው ያደግሁት» አለ በመጨረሻ። «ይሄን አፈሙዙ ላይ ቢያዩ ይሞቱብኝ ነበር።» ጂራቱቦውን ወሰደና ቤቱ አስገባ።

ከዚያ በኋላ ነው መምረጥ የጀመርነው። ቶሎሳ ቤት ያለችው ሞርሳ ትንሽ ናት፤ የታሰረችበት ጠረጴዛ ደግሞ ስንጎትት አብሮን ይነሣል። ሞርሳው ብቻ ሳይሆን ሞርሳው የቆመበትም ዕቃ ነው አልኩት። በሰቃ ውስጥ ብረት የሚበይዱ ሰዎች ዘንድ ዞረን አንድ ከባድ ሞርሳ በውሰት አገኘን፤ እንደ መሠረት የሚያገለግል ወፍራም የእንጨት ጉማጅም እሱ ራሱ ከወዳጆቹ ለምኖ አመጣ። ሳሪስ አቦ ገበያ ሄደን መፍቻ ስናይ ዋልን። ሻጩ የሚያብረቀርቀውን ሁሉ ያወጣልናል፤ እኔ እጄ ላይ እየመዘንኩ፣ አፉን በጣቴ እየለካሁ እመልሳለሁ።

«እማማ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ሊድሩ?» አለኝ ሻጩ ሲሰለቸው።

ቶሎሳ እየሳቀ ይዞኝ ወጣ። የምፈልገው ገበያ ውስጥ አልነበረም። እናቲቱን ከላይና ከታች እኩል አቅፎ የሚይዝ፣ አንድ ጥግ ብቻ የማይነክስ መፍቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ሥዕሉን መሬት ላይ በእንጨት ሥዬ ለቶሎሳ አሳየሁት። ቧንቧ ሠራተኛ ስል ስላማሁት አሁን ላመስግነው፤ ብረቱን ራሱ ቆርጦ፣ በሞረድ ፍቆ ፍቆ፣ ወረቀት በመሐሉ እስከማያልፍ ድረስ ልክ አደረገው። እጀታውን ሲሠራ «ትንሽ ላስረዝማት?» አለኝ። ዓይኔን ሲያይ ሳቀና ተወው።

ወይራውን ሳሪስ ያለ አናጢ ጠረበልን፤ ሙጫውን እኔ ወቀጥኩ። ከዚያ ቶሎሳ ግቢ ተሰብስበን ጆንያ አነጠፍኩና ዕቃውን ሁሉ ደረደርኩ። ማንሣት ጀመርኩ። ቶሎሳ መዶሻውን ሳነሣ «ኧረ እሱ ይቆይ፣ ምናልባት...» አለ። «ምናልባት የምትለዋ ናት የምትሰብረው» ብዬ ወደ ሳጥኑ መለስኩት። ይህን ስናደርግ ኦቦ ገመቹ በራፉ ላይ ወንበራቸው ላይ ሆነው ፀሐይ እየሞቁ ያዩናል።

«ኦቦ፣ ጠመንጃውን ማን አሰረው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ከፋብሪካ እንደወጣ ነው የገዛሁት፤ ማንም አልነካውም» አሉ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ያዥው። ያ ጠመንጃ ስንት ያሳለፈ ነው።»

ስንት እንዳሳለፈማ ቶሎሳ ነግሮኛል፤ ሠፈሩም ያውቃል። በረት የገባ ጅብ በጨለማ መትተው ጥለዋል፤ ከብት ሊነዱ የመጡ ሌቦችን ከኮረብታ ማዶ በአንድ ጥይት መልሰዋል። በየለቅሶው ዝናራቸውን ታጥቀው ሲመጡ ሰው መንገድ ይለቅላቸው ነበር።

መጀመሪያ የአጎትየውን ጠመንጃ አሰርን። በቀላሉ ተፈታ፤ ስብና ቅባት ጠግቦ የኖረ ብረት ነው። ውስጡን በፀሐይ አየሁት። ጥይቱ የሚነሣበት በኩል በተኩስ ብዛት ተልጎ ለስልሷል፤ ቢሆንም ጤነኛ ነው። የኦቦ ገመቹ ግን እንደፈራሁት ነበር። ጎተትኩ፤ እምቢ አለ። እጄ ላይ ያ የጥንቱ እምቢታ ተሰማኝ። ዘበኛው ጋቢውን ሲስብ ታየኝ።

«ላግዝዎት?» አለ ቶሎሳ።

«አትንካ። ዛሬ አይፈታም» አልኩት።

በመጋጠሚያው ዙሪያ ዘይት አጠጣነውና ተውነው። በማግሥቱ ደግሞ አጠጣነው። ቶሎሳ በየጠዋቱ እየመጣ «አባቴ ሌሊቱን ሲያስላቸው አደረ» ይለኛል፤ ቶሎ ይበሉ ማለቱ ነው። እኔም አውቃለሁ። ሽማግሌው ቢያልፉብን ድካማችን ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ብቸኩል ደግሞ የሚያዩት የተሰነጠቀ ብረት ነው። ያን ሳምንት በደንብ አልተኛሁም። በየቀኑ አስረዋለሁ፣ በአጭሯ እጀታ ትንሽ እጎትታለሁ፣ እጄ ምን እንደሚል እሰማለሁ፣ እተወዋለሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት እጄ ሌላ ነገር ሰማ። ድምፅ አልነበረውም። ብረቱ እንደ መተንፈስ አለ። «ለቀቀ!» ብዬ ስጮኽ ቶሎሳ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ። ቀስ እያልን አሽከርክረን አወጣነው። የያዘው ዝገት ብቻ ነበር፤ እናቲቱ ደህና ናት። ቶሎሳ ለአባቱ ሊነግር ሲሄድ እኔ እንደ ልማዴ የጎበጠውን አፈሙዝ የኋላ ጫፍ ወደ ፀሐይ አዞርኩና ማየት ጀመርኩ።

አየሁና ግራ ገባኝ። በጨርቅ ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ዝገት አለ፤ ከዝገቱ ሥር ግን ጥይቱ የሚነሣበት ጠርዝ ትላንት ከፋብሪካ እንደወጣ ስለታም ነው። የአጎትየውን ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ። ያኛው ተልጓል፣ ይሄኛው አንድም ጭረት የለውም። አንድ ጥይት እንኳ ያለፈበት አፈሙዝ እንዲህ አይሆንም። ዝም ማለት ይገባኝ ነበር፤ አልቻልኩም። አፈሙዙን እንደያዝኩ ሽማግሌው ዘንድ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

«ኦቦ፣ አይቀየሙኝ። በዚህ ጠመንጃ ተኩሰውበት ያውቃሉ?»

ቶሎሳ «ምን ማለትዎ ነው እትዬ?» ብሎ ሊቆጣኝ ሲል ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። ፈገግ አሉ፤ እንዲህ ፈገግ ሲሉ አይቻቸው አላውቅም።

«ብረቱ ነገረሽ?»

«ነገረኝ።»

«አንድ ወይፈን ሸጬ ገዛሁት» አሉ። «ጥይት የምገዛበት ቀርቶ የምበላበትም አልተረፈኝ። ነገ እገዛለሁ ስል፣ ከርሞ እገዛለሁ ስል፣ ለካ ሰው አየኝና ፈራኝ። ዝናሬ ላይ የምታዩት ሜዳ ላይ የለቀምኩት ቀለህ ነበር፤ ባዶ ቀለህ፣ ወደ ውስጥ አዙሬ የምሰካው።»

«ጅቡስ?» አለ ቶሎሳ።

«ጅቡ ጮኽኩበት፣ ሮጠ።»

«ሌቦቹስ አባ?»

«እነሱም እንደዚያው።»

ቶሎሳ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። ያ ሁሉ ሲነገረው ያደገው ጀግንነት እንዲህ በአንድ ጠዋት ሲፈታ ማየት ከበደው። ቆይቶ ግን አንገቱን ቀና አደረገና «ታዲያ ይሄማ ይብሳል፤ በባዶ እጅ እኮ ነው» አለ። አባቱ ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት።

የአጎትየውን አፈሙዝ ገጠምን። እንደ ጥይት የተቀረጹ ሁለት መለኪያዎች አሉኝ፤ አንዱ ሲገባ መቀርቀሪያው መዘጋት አለበት፣ በሁለተኛው መዘጋት የለበትም። በመጀመሪያው ተዘጋ፤ በሁለተኛው እምቢ አለ። በሙያዬ ከዚህ የጸዳ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጣቢያ የሄድነው በላዳ ታክሲ ነው። ሽማግሌው ካልመጣሁ ብለው አስቸገሩ፤ ተሸክመን አስገባናቸው። የተቀበለን ሳጅን ወጣት፣ ጨዋ ሰው ነበር። እነሱ ወደሚለማመዱበት ሜዳ ወሰደንና ለኦቦ ገመቹ ወንበር አስመጣላቸው። የመጀመሪያው ተኩስ በሰው ትከሻ እንዳይሆን ለመንኩት፤ ጠመንጃውን አሮጌ ጎማ ላይ አስሮ ምላጩን ከሩቅ በገመድ ሳበው።

ፈነዳ። ወፎች ተነሡ። ሜዳው ማዶ ያለው ውሻ መጮኽ ጀመረ። እኔ የሮጥኩት ወደ እናቲቱ ነው፤ ዳበስኳት፤ ምንም አልሆነችም። በደስታ ዞሬ «ኦቦ!» ስል ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጭነው ይንቀጠቀጣሉ። ቶሎሳ ደግፏቸዋል።

«ይሄን ነው እንዴ ስሸከም የኖርኩት?» አሉ።

ሳጅኑ ሁለተኛ ጥይት ሊያጎርስ ሲል እጃቸውን አውለበለቡ፤ በቃ ማለታቸው ነው። ጠመንጃውን ፈትቶ ይዞላቸው መጣ። «አባባ፣ እንኳን ደስ አለዎት። በሉ ለልጅዎ ያስረክቡ» አላቸውና ዘረጋላቸው። እጃቸውን ከደረታቸው አላነሡም። አፈሙዙን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ የኔ አይደለም» አሉ። «የኔው ዝምተኛ ነበር።»

ሳጅኑ ወደ ቶሎሳ ዞረ። ቶሎሳ ወደ እኔ። ያ ሁሉ ልመና፣ ያ ሁሉ መፋቅ፣ ያ ሁሉ ጥበቃ ፊቱ ላይ አለ፤ እጁ እንኳ ወደ ጠመንጃው ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር። አባቱን አያቸው፤ እስካሁን ይንቀጠቀጣሉ። እጁን መለሰ።

«እናንተው ተረከቡት» አለ ሳጅኑን።

ሽማግሌው በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ተነሡ፤ ጠመንጃ ይነገትበት የነበረው ትከሻቸው የቶሎሳ ደረት ላይ አርፎ ቀስ እያሉ ወደ ታክሲው ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ እንባዬ ወረደ። ሳጅኑ ግራ ተጋብቶ ጠመንጃውን ያገላብጣል።

«እማማ፣ ጥገናው እኮ እንከን የለውም» አለኝ።

«አውቃለሁ ልጄ» አልኩት።